ሰባት ቤት የሚቈጥርልን ማን ነው?

(ስለ ዲ ኤን ኤ ምርመራ፣ ስለ መዛግብትና ስለ ሽማግሌዎች ቃል)

ሰው ከየት እንደ መጣ ለማወቅ መፈለጉ የባሕርዩ ነው። ሕፃን አፉን ፈትቶ መናገር ሲጀምር «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የአባቱን ስም በመለሰ ጊዜ ደግሞ «እርሱስ የማን?» እየተባለ እስከ አያቱና እስከ ቅድመ አያቱ ድረስ እንዲቈጥር ይደረጋል። አባቶቻችን ይህን ልማድ ያጸኑት ለጨዋታ አልነበረም። የትውልድን ሐረግ ማወቅ ለሦስት ነገር ያስፈልግ ነበር፤ ይኸውም ርስት ለመካፈል፣ ጋብቻን በሥርዓት ለመፈጸምና የሞቱትን በስማቸው ለማሰብ ነው።

ዛሬ ይህ ልማድ በብዙ ቤት እየላላ ሄዷል። በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቻችን የአባቶቻቸውን ስም በተራ እንዲጽፉ ባዘዝናቸው ጊዜ ብዙዎቹ ከአያት ስም ማለፍ አልቻሉም፤ በእናት በኩልማ የአያታቸውን አባት ስም የጻፉት በጣም ጥቂቶች ናቸው። በሌላው ወገን ደግሞ ዘመናዊው ጥበብ የሰውን ዝምድና ከምራቅ ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ አስገኝቷል። ስለዚህ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወላጆች፣ ልጆቻቸው ለጋብቻ በተፈላለጉ ጊዜ፣ «እኛ ሰባት ቤት መቍጠር ካልቻልን ልጆቹ በዲ ኤን ኤ ይመርመሩና ዘመዳሞች አለመሆናቸው ይረጋገጥ፤ ይህ አይበቃምን?» ብለው ሲጠይቁ እንሰማለን። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ስለ ሆነ በሚገባ ሊመለስ ይገባዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ምርመራው የሚችለውንና የማይችለውን፣ እንዲሁም ከመዝገብና ከሽማግሌ ቃል በቀር በሌላ መንገድ የማይገኘውን ለይተን ለማሳየት እንሞክራለን።

ትውልድ መቍጠር ስለ ምን ያስፈልግ ነበር?

በአገራችን የርስት ሥርዓት ጸንቶ በኖረባቸው አውራጃዎች ትውልድ መቍጠር የኑሮ ጉዳይ ነበር። አንድ ገበሬ ከርስቱ የሚካፈለው አስቀድሞ አገሩን ካቀናው አባት መወለዱን ቈጥሮ ሲያስረዳ ነው። ቈጠራውም በአባት ወገን ብቻ ሳይሆን በእናትም ወገን ይሄድ ስለ ነበር ሴቶች አያቶች እንደ ወንዶቹ በስማቸው ይታወሱ ነበር። በዳኛ ፊት ክርክር በተነሣ ጊዜ ሐረጉን ሳያቋርጡ የሚቈጥሩ አዛውንቶች ታላላቅ ምስክሮች ነበሩ፤ አንድ ስም የዘለለ ሰው ርስቱን ሊያጣ ይችላልና ልጆች ከአባቶቻቸው እግር ሥር ተቀምጠው ስሙን በተራ ያጠኑ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በአዋጅ ከተደነገገ በኋላ ግን መሬት በትውልድ ቈጠራ መገኘቱ ቀረ። የአዋጁ መልካምነትና ክፋት ሌላ ነገር ሆኖ፣ ለትውልድ ቈጠራ ዋና ጠባቂ የነበረው ምክንያት በዚያ ቀን እንደ ተወገደ ልብ ማለት ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ዘመዳሞች እስከ ሰባት ቤት ድረስ አይጋቡም። አቈጣጠሩ ከአገር አገር ጥቂት ቢለያይም፣ ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት የተወለዱት ወንድምና እኅት አንደኛ ቤት፣ ልጆቻቸው ሁለተኛ ቤት፣ የልጅ ልጆቻቸው ሦስተኛ ቤት እየተባለ ወደ ታች ይወርዳል። ሐኪሞችም ቢሆኑ የቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ ጕዳት እንዳለው ይመሰክራሉ፤ የአጎትና የአክስት ልጆች በተጋቡ ጊዜ ከአካል ወይም ከጤና ጕድለት ጋር የሚወለድ ልጅ የመውለዳቸው ዕድል ከሌሎች ወላጆች በእጥፍ ገደማ ከፍ ይላልና። ከዚያ በታች ወዳሉት ቤቶች ሲወረድ ግን ይህ ሥጋት ፈጥኖ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰባቱን ቤት የሚያስጠብቀን የሐኪም ትእዛዝ ሳይሆን የአባቶች ሥርዓት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰባት ትውልድ ማለት ስንት ሰው እንደ ሆነ አስበን እናውቃለንን? ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ እንዲህ በእጥፍ እያደገ በሄደ ጊዜ በሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ወላጆች ይገኛሉ። «እኔ ሰባት አባቴን እቈጥራለሁ» ብሎ የሚመካ ሰው እንኳ በዚያ በሰባተኛው ደረጃ የሚያውቀው ከ128 አንዱን ብቻ ነው። የቀሩት 127 ሰዎች ስማቸው የሚገኘው እናቶችንም ጭምር በቈጠረ ሰው ዘንድ ነው። ቅዱስ ማቴዎስ ወንጌሉን በትውልድ ቈጠራ በጀመረ ጊዜ በአባቶቹ ስም መካከል ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮንን ሚስት ማስገባቱን ለሚያስተውል ሰው፣ እናቶችን መዝለል ተገቢ እንዳልሆነ ከዚያ ሊማር ይችላል።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ዲ ኤን ኤ በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ የሚገኝ፣ ከወላጆቻችን የወረስነው የተፈጥሮ ጽሑፍ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ከአንድ ወላጅ የሚወረሰው ጽሑፍ ወደ ሦስት ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላት አሉት። ልጅ እኩሌታውን ከአባቱ፣ እኩሌታውን ከእናቱ ይወርሳል። ተመርማሪው በትንሽ ብልቃጥ ምራቁን ተፍቶ ወይም ጕንጩን በጥጥ ጠርጎ ወደ ኩባንያው ይልካል፤ በዚያም ባለሙያዎች ከጠቅላላው ጽሑፍ ሰዎች የሚለያዩባቸውን 700,000 ያህል ቦታዎች ያነባሉ። ከዚህ በኋላ ውጤቱ አስቀድመው ከተመረመሩት ሰዎች ሁሉ ጋር ይነጻጸራል፤ ረጅም ጽሑፍ በአንድነት የሚጋሩ ሰዎች ቢገኙ ዘመዳሞች መሆናቸው ይነገራል። የተጋሩት ጽሑፍ ርዝመት የሚለካው ሴንቲሞርጋን በሚባል መለኪያ ነው፤ ወላጅና ልጅ ወደ 3,500፣ የአጎት ወይም የአክስት ልጆች ደግሞ ወደ 870 ሴንቲሞርጋን ይጋራሉ።

ከዚህ አጠቃላይ ምርመራ ሌላ ሁለት ልዩ ምርመራዎች አሉ። አንደኛው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞሶም የሚከተል ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ስማችንን ከአባትና ከአያት ስም ጋር አያይዘን ስለምንጠራ፣ የወንዶች ስም ሰንሰለትና ይህ ክሮሞሶም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ማይቶኮንድሪያ የሚባለውን ከእናት ብቻ የሚወረስ ክፍል የሚከተል ነው፤ ይህ መስመር ከእናት ወደ እናት እስከ ጥንት ድረስ ይሄዳል፤ በስማችን ሰንሰለት ውስጥ ግን አንዲት ፊደል እንኳ የለውም። ሁለቱም ምርመራዎች እጅግ ሩቅ የሆነውን ዘመን ያሳዩ እንደ ሆነ እንጂ የየትኛው አያት ልጅ መሆናችንን ለይተው አይነግሩንም።

እስከ ስንተኛው ቤት ድረስ ያያል?

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ልጅ ከወላጁ የሚወርሰው እኩሌታውን ብቻ ስለ ሆነ ከአንድ አያት የመጣው ጽሑፍ በየትውልዱ እየተከፈለ ያንሳል። ከቤት ቈጠራችን ጋር ስናነጻጽረው እንደሚከተለው ሆኖ ይገኛል።

አንደኛ ቤት፤ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ከመቶ 50 ያህሉን ይጋራሉ።

ሁለተኛ ቤት፤ የእነዚህ ልጆች ከመቶ 12 ተኩል ያህሉን ይጋራሉ።

ሦስተኛ ቤት፤ ከመቶ 3 ያህሉን ይጋራሉ።

አራተኛ ቤት፤ ድርሻቸው ከመቶ 1 አይሞላም፤ ምርመራው ዝምድናቸውን ጨርሶ የማያይባቸውም ይገኛሉ።

አምስተኛ ቤት፤ እውነተኛ ዘመዳሞች ሆነው ሳለ ከእኩሌታ የማያንሱት ወይም ወደዚያ የሚጠጉት በምርመራው ሊታወቁ አይችሉም።

ስድስተኛና ሰባተኛ ቤት፤ አብዛኞቹ ምርመራው ሊያየው የሚችል ምንም ነገር አይጋሩም። በሰባተኛው ቤት ላሉት ሁለት ዘመዳሞች በስሌት የሚደርሳቸው የጋራ ድርሻ ከ8,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ መልሱ ከዚህ ይታወቃል። ምርመራው «እነዚህ ሁለቱ ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው» ያለ እንደ ሆነ ሊታመን ይገባዋል፤ የሁለቱ ወላጆች ተገናኝተው ሐረጋቸውን እስኪመረምሩ ድረስ የጋብቻው ነገር ቢቈይ መልካም ነው። «ዝምድና አልተገኘም» ያለ እንደ ሆነ ግን እስከ ሦስተኛው ቤት፣ ቢበዛ እስከ አራተኛው ድረስ ይናገር እንደ ሆነ ነው እንጂ ስለ ሰባተኛው ቤት ምንም አልተናገረም። ዝምታውን እንደ ምስክርነት መቍጠር ትልቅ ስሕተት ነው። ከአምስተኛው ቤት ጀምሮ ያለውን የሚያውቅ መሣሪያ የሽማግሌ አእምሮና ያ አእምሮ የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ ምርመራው በጭራሽ ሊያያቸው የማይችላቸው ዝምድናዎች አሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ከልጁና ከቤተሰቡ ጋር መንፈሳዊ ዝምድና አላቸው፤ ይህም ዝምድና እንደ ሥጋ ዝምድና ጋብቻን ይከለክላል። ሰው ክርስትና ያነሣው ማን እንደ ሆነ በምራቁ ውስጥ አልተጻፈም። እንዲሁም የጡት ልጅና በማደጎ ያደገ ልጅ በቤተሰቡ ዘንድ ልጅ ሆኖ ሲኖር ለምርመራው ባዕድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ስደተኞችን ከቤተሰባቸው ጋር ለማገናኘት በዘረጋው ፕሮግራም ውስጥ በናይሮቢ የነበሩ ሶማሌዎችንና ኢትዮጵያውያንን በዲ ኤን ኤ ማስመርመር በጀመረ ጊዜ፣ ብዙ ቤተሰቦች በወረቀት ላይ እንዳስመዘገቡት ሆነው ሳይገኙ ቀሩ፤ ፕሮግራሙም ታግዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲከፈት የዲ ኤን ኤ ማስረጃ የሚጠየቅበት ሆነ። ከእነዚህ መካከል ያታለሉ መኖራቸው አይካድም፤ ነገር ግን የሟች ወንድሙን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ አሳድጎ «ልጄ ነው» ማለት በአገራችን ሐሰት ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ምርመራው የሥጋን ትውልድ ይናገራል፤ የቤትን ፍቅርና የማሳደግን መብት አይናገርም።

ምርመራ ስም አይሰጥም

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ምርመራው መጠን እንጂ ስም የማይሰጥ መሆኑ ነው። ሁለት ሰዎች ከመቶ 25 ያህሉን ተጋርተው ቢገኙ አንዱ የሌላው አያት፣ ወይም አጎት፣ ወይም በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚፈርደው የዕድሜያቸው ልክ፣ የተወለዱበት ስፍራና የቤተሰቡ ታሪክ ነው። በእርግጥ ዘመዳሞች እስከ ሰባት ቤት ሳይጋቡ በኖሩበት አገር ውጤቱን ማንበብ ይቀላል፤ ለብዙ ዘመን እርስ በርሱ ብቻ ሲጋባ በኖረ ማኅበር ውስጥ ግን ሰዎች በብዙ በኩል ዘመዳሞች ስለሚሆኑ ሩቁ ዘመድ ቅርብ መስሎ ይታያል። ያም ሆነ ይህ ከመጠኑ ወደ ስሙ የሚያደርሰው ድልድይ መዝገብ ነው።

መዝገብ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ለማወቅ መጽሐፈ ዕዝራን መመልከት ይበቃል፤ በምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈው ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሱት መካከል የትውልድ መዝገባቸውን ፈልገው ያጡ ካህናት ከክህነት ተከልክለው ነበር። በአገራችን የመንግሥት መዝገብ ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ሰፊ ድንጋጌ ቢኖረውም ያ ክፍል በሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል። ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን በመላ አገሪቱ መመዝገብ የተጀመረው በአዋጅ ቍጥር 760/2004 መሠረት ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ማስረጃውን ከሌላ ስፍራ መፈለግ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ስፍራ ቤተ ክርስቲያን ናት። የጥምቀት ምስክር ወረቀት የሰውን ስመ ክርስትና፣ የወላጆቹንና የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን ስም የሚይዝ ነው። ወረቀቱ ባይኖር እንኳ ልጁ የተጠመቀበት በዓል በቤተሰቡ ዘንድ የሚታወስ ከሆነ፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ፣ ወደ ኋላ ቈጥሮ የተወለዱበትን ቀን ማግኘት ይቻላል። የብራና መጻሕፍትን ኅዳግም መናቅ አይገባም። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ በ18ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ የመሬት ሽያጭና የውርስ ውሎች ተገኝተዋል፤ በእነዚህም ውስጥ የሻጩና የገዢው፣ የዋሱና የምስክሩ ስም ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ ያነሣ ሲሆን፣ ቅጂዎቹ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው በሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤት ተጠብቀው ይገኛሉ።

ሁለተኛው ስፍራ የገዛ ቤታችን ሣጥን ነው። የጋብቻ ውል፣ የኑዛዜ ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የወታደር መታወቂያ፣ በጀርባው ስምና ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ በዳዊት የመጀመሪያ ገጽ ላይ አባት የልጆቹን ልደት የጻፈበት ጽሑፍ፣ እነዚህ ሁሉ መዛግብት ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚጣሉት ቤት በሚጸዳበት ወይም ሟች ተቀብሮ ዕቃው በሚከፋፈልበት ሰሞን ስለ ሆነ ያን ጊዜ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

መዝገብ ሲነበብ ግን ማስተዋል ይጠይቃል። የእኛ ዘመን ከአውሮፓውያን ዘመን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ስለሚያንስ በአንዱ ወረቀት የተጻፈው ዓመት በሌላው ተለውጦ ይገኛል። ቀናቸውን ያላስታወሱ ብዙ ስደተኞች በውጭ አገር መዝገብ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን እንደ ተወለዱ ተደርጎ ተጽፎላቸዋል። አንዱ ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል፤ ስመ ክርስትናና የመጠሪያ ስም ሁለት ሰው ያሉ ያስመስላሉ።

ከቤት የራቁ ልጆች

መዝገብና ምርመራ ተባብረው ትልቅ ሥራ የሚሠሩት በማደጎ ወደ ውጭ አገር በሄዱ ልጆች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ባሉት ዓመታት አሜሪካውያን ብቻ ከ15,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በማደጎ ወስደዋል፤ በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ማደጎን በሕግ እስኪከለክል ድረስ ወደ አውሮፓ የሄዱትም ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ልጆች ዛሬ አድገው ወላጆቻቸውን ይፈልጋሉ። የአንዳንዶቹ የማደጎ ወረቀት ከእውነቱ ጋር የማይስማማ ሆኖ ተገኝቷል፤ እናቷ በሕይወት ሳለች «የሙት ልጅ ናት» ተብሎ የተጻፈባት አለች፤ ስሙ ወይም ዕድሜው የተለወጠበትም አለ።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ልጅ ተመርምራ ከማታውቀው ሰው ጋር ወደ 230 ሴንቲሞርጋን ተጋርታ ተገኘች እንበል። ይህ ልክ በሦስተኛ ቤት ያሉ ዘመዳሞች ድርሻ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው አያቶቹን በስም የሚያውቅ ከሆነ፣ የአያቶቹ ወላጆች አራቱ ባልና ሚስቶች በወረቀት ላይ ይሰፍራሉ፤ ከአራቱ አንዱ ለልጅቱም ቅድመ አያቶቿ ናቸው። ከእነዚያ የተወለዱት በየስማቸው ሲዘረዘሩ በዚያ አገርና በዚያ ዓመት ልጅ የወለደችው ማን እንደ ሆነች ወደ ማወቅ ይደረሳል። ያ ሰው ግን «አያቴን እንጂ የአያቴን ወላጆች አላውቅም» ያለ እንደ ሆነ የልጅቱ መንገድ እዚያ ላይ ይቆማል። አንድ ቤተሰብ ሐረጉን ጽፎ መያዙ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለማያውቀው የሥጋ ዘመዱም ምጽዋት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

አንሴስትሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብቻ ከ25 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን ውጤት አከማችቷል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የአውሮፓ ትውልድ ያላቸው ናቸው። በአገር ቤት የሚኖሩ እናቶችና አባቶች በዚያ መዝገብ ውስጥ ስለሌሉ ፍለጋው ብዙ ጊዜ በወረቀትና በእግር መፈጸም ይኖርበታል። ቤተሰብ ፍለጋ በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት የወላጆችንና የልጆችን ስም በመዝገብ እያሰፈረ ማገናኘቱ ለዚህ ጠቃሚ ሥራ ነው።

ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር

በመጀመሪያ፣ ኩባንያዎቹ «ከመቶ ይህን ያህል የዚህ አገር ሰው ነህ» እያሉ የሚልኩት ስሌት እንደ ዝምድናው ምርመራ የጸና አይደለም። ስሌቱ ተመርማሪውን አስቀድሞ ከተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ጋር ከማመሳሰል የሚመጣ ስለ ሆነ ሁለት ኩባንያዎች ለአንድ ሰው ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፤ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ወንድማማቾችም የተለያየ ቍጥር ይደርሳቸዋል። ይህን ይዞ በጎሣ መመካትና ሌላውን መናቅ ከእውቀትም ከሃይማኖትም ውጭ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈለት ጊዜ ትውልድ መቍጠር የከንቱ ክርክር ምክንያት እንዳይሆን አስጠንቅቆታል።

ሁለተኛ፣ ምርመራው ያልተጠየቀውን ምስጢር ሊገልጥ ይችላል። አባት ተብሎ የኖረው የሥጋ አባት አለመሆኑ፣ ወይም ያልታወቀ እኅት መኖሯ በአንድ ሌሊት ይታወቃል። ስለዚህ ሰው ከመመርመሩ በፊት «ያልጠበቅሁት መልስ ቢመጣ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ የመጣም እንደ ሆነ በአደባባይ ከመናገር በፊት ከነፍስ አባቱ ጋር ይምከር። የእናትን ገመና ለዓለም መግለጥ ትውልድ ማወቅ አይባልም።

ሦስተኛ፣ አንድ ሰው ሲመረመር ወንድሞቹና ልጆቹም በከፊል ተመረመሩ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በካሊፎርኒያ ከብዙ ዓመታት በፊት የተፈጸሙ የግድያ ወንጀሎች ተጠርጣሪ የተያዘው ሩቅ ዘመዶቹ በሰጡት ዲ ኤን ኤ አማካይነት ነው። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ ከተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መረጃ ተሰርቋል፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ደግሞ ኩባንያው ለመክሰር አመልክቶ ንብረቱ ወደ ሌላ እጅ ተላልፏል። የይለፍ ቃል ይለወጣል፤ ከአባትና ከእናት የተወረሰ ጽሑፍ ግን ሊለወጥ አይችልም። ስለዚህ ቤተሰብ ተማክሮ ቢያደርገው እንጂ አንዱ ለብቻው ባይቸኵል ይሻላል።

ከዚህ ጾም እስከሚመጣው በዓል

ብዙ ከመናገር አንድ ሥራ መሥራት ይበልጣልና ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የምንመክረው ይህ ነው። ቤተሰቡ ለበዓል፣ ለዝክር ወይም ለማኅበር በተሰበሰበ ጊዜ ከሁሉ የሚያረጀውን ዘመድ አስቀምጣችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በደብተር ጻፉ፤ በስልክ ድምፁን መቅረጽ ከተቻለም ቅረጹት።

1ኛ. የእያንዳንዱን ሰው መጠሪያ ስምና ስመ ክርስትና፣ የአባቱንና የእናቱን ስም ጠይቁ። ሴት ከሆነች በባሏ ስም ብቻ አትለፏት።

2ኛ. የተወለደበትን መንደርና የተጠመቀበትን ደብር፣ ክርስትና ያነሣውንም ሰው ጻፉ።

3ኛ. ዓመቱ ካልታወቀ በታወቀ ነገር አስታውሱት። ከዐድዋ በፊት ነውን ወይስ በኋላ፣ ማለት ከ1888 ዓ.ም.? በኅዳር በሽታ ዘመን በ1911 ዓ.ም. ስንት ዓመቱ ነበር? በማይጨው ጊዜ በ1928 ዓ.ም. ይድኽ ነበርን ወይስ ከብት ይጠብቅ ነበር? አብዮት በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ልጅ ወልዶ ነበርን? የአያትን ዓመት እንዲህ ባለው ጥያቄ ማግኘት ይቻላል።

4ኛ. የሰማችሁትን ካያችሁት ለዩ። «አያቴ ነገረችኝ» የተባለውን እንደዚያው ጻፉ፤ በወረቀት የተገኘውን ደግሞ ወረቀቱ የት እንዳለ አመልክቱ። ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ቃል ቢሰጡ ሁለቱንም አስፍሩ።

5ኛ. ደብተሩን በሁለትና በሦስት ቅጂ አድርጋችሁ በተለያየ ቤት አኑሩት፤ አንዱን በውጭ አገር ላሉት ልጆች ላኩላቸው።

ይህ ከተደረገ በኋላ ምርመራ ማድረግ የወደደ ሰው ያድርግ፤ ያን ጊዜ ምርመራው የሚናገረውን የሚሰማ ደብተር አለውና ይጠቀማል። በቅድሚያ ሊመረመሩ የሚገባቸውም ፈቃዳቸውን የሰጡ አረጋውያን ናቸው፤ አያት ከልጅ ልጅ በላይ ለጥንቱ ሁለት ትውልድ ትቀርባለችና።

በመጀመሪያ ትውልድ መቍጠር ለሦስት ነገር ያስፈልግ ነበር ብለን ነበር። የርስቱ ነገር አልፏል፤ ስለ ጋብቻው ተናገርን፤ ሦስተኛው የሞቱትን በስማቸው ማሰብ ነው። ካህኑ በፍትሐትና በተዝካር ጊዜ «ስመ ክርስትናው ማን ነው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ተያይቶ ዝም ሲል አይተናል። ያን ስም የሚያውቅ መሣሪያ በየትኛውም ቤተ ሙከራ የለም። የሚያውቁት ምናልባት በጓዳችን ተቀምጠው መቍጠሪያቸውን የሚቈጥሩት አሮጊት እናታችን ብቻ ይሆናሉ፤ እርሳቸውን ዛሬ መጠየቅ እንችላለን።